እጥበትና ቅምሻ

ሟቹ የተጋደመው ድሮ የበሬ ብልት ይሰቀልበት በነበረ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ በብረት ጠረጴዛ ላይ ነው። የኮቱ እጅጌ እስከ ክርኑ ተሰብስቧል፤ ደረቱ ግን እስከ አንገቱ ድረስ ተቆልፏል። መርማሪዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ይህን ለአፍታ ካየች በኋላ ነው ወደ ውስጥ የገባችው።

«ሲወድቅም ኮቱ እንዲህ ተቆልፎ ነበር?»

«እንደወደቀ አንስተን አስገባነው። ማንም አልነካካውም» አለ ከኋላዋ የቆመው ሰው።

ይህ ሰው የማንም አባት አይደለም፤ ሁሉም ግን አባባ ይሉታል። ሥራ ያቆመ ቄራ ገዝቶ፣ መሐሉን አስቆፍሮ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ አግዳሚ ወንበሮች ደርድሯል። በከተማው ስታዲየም የሚካሄደው የቅርፊቴ ውድድር ፈቃድ ያለው ነው። አውሬዎቹ አፋቸው ታስሮ፣ ጥፍራቸው ተከርክሞ ይገፋፋሉ፤ ሰውም ልጆቹን ይዞ ሄዶ ያያል። በአባባ ጉድጓድ አፍ አይታሰርም። ከሁለቱ አንዱ ሳይሞት ጨዋታው አያልቅም፤ ተመልካቹም በር ላይ ስሙን የማይናገር ዓይነት ሰው ነው፦ ዕቃ በድንበር የሚያሾልክ፣ ሰው የሚያሳፍን፣ ዳኛ የሚገዛ።

ቅርፊቴ ጥጃ ያህላል። ከአፍንጫው እስከ ጭራው በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ዓይኑ እምብዛም አያይም፤ ወዳጁንና ጠላቱን የሚለየው በምላሱና በአፍንጫው ነው። ስለዚህ አሳዳጊው ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። የአባባን ምርጥ አውሬ ያሳደገው ቀዮ የሚባለው ሰው ነበር፤ አሁን ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው እሱ ነው።

መርማሪዋ አባባን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲነግራት ጠየቀችው። አባባም ሁለት ጊዜ እየተቀመጠና እየተነሳ ነገራት። ከጨዋታ በፊት እጥበት አለ። እያንዳንዱ አሳዳጊ የተጋጣሚውን አውሬ በባዶ እጁ፣ በሳሙና ውኃ ያጥባል፤ ባለቤቱ ቅርፊቱ ላይ መርዝ ቀብቶት ከሆነ ይለቅ ዘንድ ነው። ከእጥበቱ ቀጥሎ ቅምሻ አለ። አጣቢው ራሱ በእጥበቱ ሰበብ አንዳች ነገር አለመቀባቱን ለማሳየት በሰው ሁሉ ፊት ያጠበበትን መዳፍ ይልሳል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቀዮ የተጋጣሚውን አውሬ አጠበ፣ መዳፉን ላሰ፣ ለተመልካቹ ሳቅ አለ፣ ጥቂት ተራመደና ጉልበቱ ከዳው። ከንፈሩ ጠቆረ። አውሬዎቹ ገና ሳይለቀቁ ሰውዬው አልቋል።

«ተጋጣሚው ቅርፊቱን ቀብቶት ነበር» አለ አባባ። «የኔ አውሬ ሲነክሰው እንዲሞት። ቀዮ ቀድሞ ቀመሰው። ምኑ ነው የሚመረመረው?»

«ታዲያ እኔ ለምን ተጠራሁ?»

መልሱን መርማሪዋ ታውቀዋለች። ትናንት በጨዋታው ላይ ብዙ ያስያዘው፣ ሁሉም ጋሼ የሚለው ባለከዘራ ሽማግሌ፣ ነገሩን የውጭ ሰው ካላየው አላምንም ብሏል። አባባ በዚህ ቤት ጌታ ቢሆንም ባለከዘራው ካኮረፈ ቤቱ በነጋታው ይዘጋል። ይሁን እንጂ ቀጠሮ ተቆርጧል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሌላ ገዳይ ካልተገኘ ተጋጣሚው አሳዳጊ ወደ ጉድጓዱ ይወረወራል፤ አውሬ ይለቀቅበታል።

መርማሪዋን የጠቆመቻቸው ደግሞ የሟች ሚስት ነበረች። ጠዋት ቢሮዋ ድረስ መጥታ ወንበር ሲቀርብላት አልተቀመጠችም።

«ባሌ ትናንት ሞተ» አለች። «ወንድሜን ዛሬ ሊገድሉት ነው። የመጣሁት ለሁለተኛው ነው።»

ተጋጣሚው አሳዳጊ፣ ጉንጩ ላይ ባለው ጠባሳ ሰንበር የሚሉት፣ ታናሽ ወንድሟ ነው። መርማሪዋ ሴትዮዋን አወቀቻት። የዛሬ ሁለት ዓመት ፖሊስ ውስጥ ሳለች አባታቸው ሞቶ ነበር። ደረጃ ላይ ወድቆ ነው ተብሎ መዝገቡ ሲዘጋ፣ ደረጃ የሰው አጥንት እንዲህ አያደቅም ብላ የተከራከረችና በዚሁ ሳቢያ ከሥራዋ የለቀቀች መርማሪዋ ብቻ ነበረች። ሴትዮዋ ይህን አልረሳችም።

«ለእኔ መንገር የፈለግሽው ነገር አለ?» ብላት ነበር።

«እርስዎ ያግኙት። እኔ የምለውን እዚያ ማንም አይሰማውም።»

አሁን መርማሪዋ አባባን ከቀዝቃዛው ክፍል አስወጥታ ሐኪሙን አስጠራች። ሐኪሙ በስታዲየሙ ውድድር ሲሠራ ተባሮ እዚህ የተጠጋ፣ ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣት የሌለው የእንስሳት ሐኪም ነው። ቀዮን የገደለው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሳያንገራግር ነገራት፤ የቅርፊቴ ማደንዘዣ ነው። አውሬውን ያፈዝዘዋል፣ ያስተኛዋል፤ ሰው ግን በአፉ ጠብ ካለችበት አይተርፍም። ቢነካው ምንም አይሆንም፤ ምላስ ላይ ከደረሰ ግን ሐኪም አያድነውም።

ጥግ ላይ ለአውሬዎቹ ቀለብ የተቀመጡ ጫጩቶች በሳጥን ይንጫጫሉ። መርማሪዋ ጥጥና ውኃ ጠየቀች። የሟቹን ቀኝ መዳፍ ጠርጋ ጥጡን በአንድ ጫጩት አፍ ውስጥ ጨመቀችው። ጫጩቱ ተንፈራገጠና ወደ ጓደኞቹ ሮጠ። የቀኝ እጁን ጣቶች አንድ በአንድ እንዲሁ አደረገች። አንዱም አልሞተም። የግራ መዳፉንም፣ ጣቶቹንም ቀጠለች። የግራ አውራ ጣቱን የጠረገችበትን ስትጨምቅ ጫጩቱ እዚያው እጇ ውስጥ ተዝለፍልፎ ሞተ።

ሐኪሙ ፊቱን አዞረ። «ለማንኛውም ለአውሬው ነበሩ» አለ፣ ለራሱ የሚናገር መስሎ።

«በእኔ እጅም የተሻለ አላገኙም» አለች።

ከዚያ ኮቱን ፈታችው። በገበሩ ውስጥ፣ ከግራ ጡቱ ሥር፣ የጣት ቁመት ያለው ድብቅ ኪስ አገኘች። ባዶ ነው። አፍንጫዋን ስታስጠጋው መራራ የመድኃኒት ሽታ አገኛት። ስፌቱ የሰነፍ ሰው ስፌት አይደለም፤ ክሩ ከገበሩ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ነው፣ የመርፌው እርምጃም እጅግ የጠበበ፣ በየጫፉ ተመልሶ የተቆለፈ።

ሰንበርን ያገኘችው ባዶ ጎጆ ውስጥ ነው። ጎጆ የሚሉት አውሬዎቹ የሚያድሩበትን የብረት ፍርግርግ ነው። ከጎኑ ባለው ጎጆ የራሱ አውሬ ቆሞ ምላሱን በፍርግርጉ እያወጣ ይልሰዋል። ፊት ለፊቱ እህቱ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች።

«ደህና ቤት ነው» አለ ሰንበር መርማሪዋን ሲያያት። «ኪራይ የለው፣ ጎረቤቱም አይሰርቅ።»

እህቱ ቀና አላለችም። «ዝም በል ወንድሜ። የምትጠይቅህን መልስ።»

ሰንበር የሚያውቀውን ተናገረ። ቀዮን የእህቱ ባል ስለሆነ ይፈራው እንጂ አይጠላውም ነበር፤ ሥራውን ያስለመደውም እሱ ነው። መርማሪዋ ቀዮ ሲያጥብ እንዴት እንደሚቆም፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ደጋግማ ጠየቀችው። ሰንበር ተነስቶ አሳያት። ማንኛውም አሳዳጊ አንገቱ ላይ ጨርቅ ያስራል። ቀዮ ሲያጥብ በቀኝ እጁ ብቻ ነበር የሚያሸው፤ በግራው የጨርቁን አንድ ጫፍ ይዞ አውራ ጣቱን ይጠቀልልበታል። ብርድ ይገባኛል ይል ነበር። ሲቀምስ ሁለቱን እጆቹን አጋጥሞ ወደ አፉ ያነሳል።

«የሚልሰው የቱን ነው?»

ሰንበር እጆቹን አጋጥሞ ወደ አፉ አነሳ፤ ቆመ። የራሱን ጣቶች እንግዳ ነገር እንዳየ ሰው አያቸው።

«ከፊት ለሚያይ ሰው አይታወቅም» አለ ቀስ ብሎ።

ቀዮ ሲወድቅ መጀመሪያ የደረሰው ማን እንደሆነም ጠየቀችው። አባባ ነው አላት። ተንበርክኮ ኮቱን ቆለፈለት። ሰው ሞቶ ዓይኑን እንኳን የማይከድን ሰውዬ ምን ነካው ብሎ ተገርሞ ነበር፤ ቀጥሎ እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት መገረሙን ረሳው።

ስትወጣ የሟች ሚስት ከባልዲው ላይ ተነስታ ተከተለቻት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሹራቧ ክርን ተጥፏል፣ የተጣፈበት ቦታም ካላስተዋሉት የማይታይ ነው። ስፌቱ በየጫፉ ተመልሶ ተቆልፏል። መርማሪዋ ያንን ክርን ሳታየው ለማለፍ ብትችል ትወድ ነበር።

«ጣቶቹን ለየብቻ አይተዋቸዋል?» አለቻት ሴትዮዋ።

«አይቻቸዋለሁ።»

«ጥሩ» አለችና ወደ ባልዲዋ ተመለሰች።

የቀረው የአንገት ጨርቁ ነበር። ከሟቹ አንገት ላይ ፈትታ ጫፎቹን ዳሰሰች። አንደኛው ጫፍ ደርቆ ጠጥሯል። ሌላ ጫጩት ሞተ። ጨርቁ ከየት እንደሚመጣ ሐኪሙን ጠየቀችው። ከጨዋታ በፊት ሳምንቱን ሙሉ አውሬው ጎጆ ውስጥ ይሰቀላል፤ አውሬው የአሳዳጊውን ላብ እየላሰ ያድራል። በጨዋታው ዕለት እኩለ ቀን ላይ ቀዮ ራሱ ገብቶ አውርዶ አንገቱ ላይ ያስረዋል።

«ጎጆው ይቆለፋል?»

«ለምን ይቆለፋል? ማን ይገባና?» ሐኪሙ የጎደሉ ጣቶቹን አሳያት። «እኔ እጄን ያስገባሁ ጊዜ ይሄን አተረፍኩ።»

«ማደንዘዣ ብትሰጠውስ?»

«ማደንዘዣ የወሰደ ቅርፊቴ ምላሱ ለሳምንት ነጭ ይሆናል። ይኸው ይዩት።»

የቀዮ አውሬ በፍርግርጉ ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ሲቀርቡት ተነሳ፤ ከጉሮሮው ውስጥ ድንጋይ የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ምላሱ እንደ ቀለም ሰማያዊ ነበር።

ፀሐይ በቄራው ጣሪያ ስንጥቅ በኩል ቢጫ ስትሆን ሁሉም በጉድጓዱ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ባለከዘራው ከፊት ተቀመጠ፤ ሰዎቹ ከኋላው ቆሙ። አባባ ቆሞ ቀረ። ሰንበር እጁ ታስሮ አፋፉ ላይ ተንበርክኳል። እህቱ ከሁሉም ራቅ ብላ የቀዮ አውሬ ጎጆ አጠገብ ቆማለች።

«ይጀምሩ እመቤቴ» አለ ባለከዘራው በለሰለሰ ድምፅ። «ብርሃን ሳለ ቢያልቅ ደስ ይለኛል።»

መርማሪዋ ጀመረች። «ሟቹ አውሬውን ያጠበው በቀኝ እጁ ነው። ቅርፊቱ ላይ መርዝ ቢኖር ቀኝ መዳፉ ላይ ይገኝ ነበር። የለም። ሐኪሙ አብሮኝ ነበር።»

ሐኪሙ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«መርዙ ያለው የግራ አውራ ጣቱ ላይ ነው፤ በእጥበቱ ጊዜ ውኃ ያልነካው ጣት። ስለዚህ ከአውሬው አልመጣም። ሰንበር ቅርፊት አልቀባም።»

«ታዲያ ለምን ሞተ?» አለ አባባ። «ያልነካበትን ጣት ማን ይልሳል?»

«ያጠበበትን መላስ የማይፈልግ ሰው ነዋ። ቀዮ ያጠበበትን እጅ ልሶ አያውቅም። አውራ ጣቱን በጨርቁ ጫፍ ጠቅልሎ ከውኃው ያርቀዋል፤ ሲቀምስ እጆቹን አጋጥሞ እሱን ይልሳል። ለምን? ቀኝ እጁ ላይ ማደንዘዣ ስላለ ነው። በእጥበት ሰበብ የተጋጣሚውን አውሬ ይቀባዋል። አውሬው ገላውን ይልሳል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ይፈዛል፤ ይሸነፋል።»

በአግዳሚዎቹ ላይ ጉርምርምታ ተነሳ። ባለከዘራው እጁን አነሳና ጸጥ አደረጋቸው። «ይህን በምን አወቁ?»

«በኮቱ። ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ኮቱን እስከ አንገቱ አይቆልፍም። ኮቱን የቆለፈለት ሌላ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በገበሩ ውስጥ ያለውን ድብቅ ኪስ ባዶ አድርጓል። መጀመሪያ የደረሰው ማን ነበር?»

ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሄደ። አባባ ፈገግ አለ። ለሞተ ሰው ክብር ኮት መቆለፍ ወንጀል ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለከዘራው አላየውም፤ ያየው ሐኪሙን ነው።

«ልጄ» አለው። «ስምንት ጣት ቀርቶሃል።»

ሐኪሙ ከኪሱ ትንሽ የመድኃኒት ቱቦ አወጣ። አባባ ትናንት ሰጥቶት ነበር፤ ወደ መድኃኒት ሣጥኑ እንዲመልሰው። ማደንዘዣውን ለቀዮ ሲሰጥ የኖረውም እሱ ነው፤ በአባባ ትእዛዝ። ስንት ጨዋታ እንደሆነ ሲጠየቅ ቁጥሩን አላስታውስም አለ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ጨመረ፤ «የሰንበር አባት ጨዋታም አንዱ ነው።»

የዛሬ ሁለት ዓመት የሰንበር አባት አውሬ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ አንቀላፍቶ ተበልቶ ነበር። ሰው ሁሉ አባትየው ጨዋታውን ሸጦታል አለ። የዚያኑ ቀን እሱን ራሱን ወደ ጉድጓዱ ወረወሩት።

ሰንበር ጭንቅላቱን ወደ መሬት ደፋ። ባለከዘራው ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አስታውሳለሁ» አለ። «ወርውሩት ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ።» በድምፁ ውስጥ ጸጸት አልነበረም፤ የተታለለ ሰው ብስጭት ነበር።

በዓይኑ ጥቅሻ ሁለት ሰዎች አባባን በብብቱ ያዙት። መርማሪዋ ንግግሯን እዚህ ላይ ለማቆም ፈለገች። ሰንበር ነጻ ወጥቷል፤ ሌባውም በገዛ መድኃኒቱ ሞተ ሊባል ይችላል። ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች።

«እመቤቴ» አለ ባለከዘራው። «ማደንዘዣው ቀኝ እጁ ላይ መሆን ነበረበት ብለዋል። ደግሞም የለም ብለዋል። ቱቦውን ይሞክሩልኝ።»

ሌላ ጫጩት መጣ። ከቱቦው የወጣውን ቅባት ዋጠና ከዘራው ሥር ሄዶ መሬት ጫረ።

«ስብ ነው» አለ ባለከዘራው። «ታዲያ አንድ ሰው መድኃኒቱን ከቱቦው አውጥቶ በስብ ተክቶታል፤ መድኃኒቱን ንጹሕ ይሆናል በተባለው ጣት ላይ አድርጎለታል። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት።»

«እንዴት?»

መርማሪዋ መዋሸት አትችልበትም፤ በዚህ ቤት ደግሞ ለተያዘ ውሸት ዋጋ የሚከፍለው ሰንበር ነው። ስለዚህ ቀጠለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። መርዙ የነበረው በአንገት ጨርቁ ጫፍ ላይ ነው። ጨርቁን አውሬው ሌሊቱን ሲልሰው አድሯል፤ አውሬው ደህና ነው፤ ስለዚህ መርዙ የተቀባው ትናንት ረፋዱ ላይ፣ ቀዮ ጨርቁን ከማውረዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ጎጆው ውስጥ። አውሬው አልደነዘዘም፤ ምላሱ ሰማያዊ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ነቅቶ በቆመ አውሬ ፊት ገብቶ ወጥቷል።

«ሐኪሙ አይችልም፤ ጣቶቹን እዩ። አባባም አይችልም። ሰንበርም የሌላ አውሬ ሽታ ይዞ ቢገባ አንድ እርምጃ አይራመድም ነበር።»

«ታዲያ ማንን ነው የሚያስገባው?»

«የአሳዳጊው ሽታ ያለበትን ሰው» አለች መርማሪዋ።

ይህን ሲሰማ ሰንበር ቀና አለ። ወደ እህቱ አላየም። «እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ገባሁ። የቀዮን ሸሚዝ ለብሼ ገባሁ።»

ባለከዘራው እጁን እንዲፈቱለት አዘዘ። «ጎጆው ይኸውልህ። አሁንም ግባ።»

ሰንበር ተነሳ። ወደ ጎጆው ሄደ። አውሬው ገና ከሩቁ ሲሸተው ፍርግርጉን በግንባሩ መታው፤ ብረቱ ተንቃጨለ። ሰንበር እጁን ወደ በሩ መወርወሪያ ዘረጋ። የእህቱ እጅ ቀደመው። ገፍታ ወደ ኋላ መለሰችው፣ በሩን ከፍታ ገባችና ከኋላዋ ዘጋችው። አውሬው በምላሱ የእጅ አንጓዋን ዳሰሰ። አጉረመረመ። ከዚያ እግሯ ሥር ተኛ።



«ኪሱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ» አለች ከፍርግርጉ ውስጥ። «ለምንህ ነው ብዬ ስጠይቀው ሳቀና ነገረኝ። እንዴት እንደሚልስ መስታወት ፊት ቆሞ አሳየኝ። ‹አባትሽም አላወቀበትም› አለኝ። ራት እየበላን ነበር። በልቶ ጨረሰ፣ እኔም ሳህኑን አነሳሁ።» የአውሬውን ግንባር ዳሰሰች። «ትናንት ደግሞ ተራው የወንድሜ ነበር። አውሬው ቢያንቀላፋ እሱንም ሸጠው ብላችሁ ትወረውሩት ነበር። ቀዮ ሲሞት ቱቦው ኪሱ ውስጥ ይገኛል፣ ነገሩ ይታወቃል ብዬ ነበር። አባባ ኪሱን ያራግፋል ብዬ አላሰብኩም።»

«ትናንትና ለምን አልተናገርሽም?» አለ ባለከዘራው።

«ብናገር ታምኑኝ ነበር? ወንድምና እህት ተማክረው ገደሉት ብላችሁ ሁለታችንንም ትጥሉን ነበር። ብቻዬን እንዳደረግሁት የሚያሳይ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።»

መርማሪዋ ያኔ ለምን እንደተጠራች ሙሉ በሙሉ ገባት። ሴትዮዋ ገዳዩን እንድታገኝላት ቀጥራታለች፤ ገዳዩም ከቀጠሮው በፊት ተገኝቷል።

አባባን ወደ ታች ሲያወርዱት ብዙ ተናገረ። የትኛው አውሬ ይለቀቅ የሚለው ትንሽ አከራከረ፤ ከዚያ ተስማሙ። መርማሪዋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ ጆሮዋን ለመያዝ ግን እጇ አልታዘዛትም። ነገሩ ቶሎ አላለቀም።

ሲያበቃ ባለከዘራው መሐረብ አውጥቶ አፉን ጠረገ። «አሳዳጊ የገደለ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል» አለ ወደ ጎጆው እያየ። «ደንቡን እኔ አላወጣሁትም።»

መርማሪዋ ሴትዮዋን ለፖሊስ እንደምታስረክብ፣ መፈረድም ካለባት በፍርድ ቤት መሆኑን ተናገረች። ባለከዘራው በትሕትና አዳመጣትና ሥራዎን ጨርሰዋል፣ ምስጋናችን ብዙ ነው አላት።

የተናገረው ሰንበር ነው። «ጋሼ፣ ይሄ አውሬ ከእሷ በቀር ሰው አያስቀርብም። እሷን ከጣላችኋት የሚያበላው የለም፤ ትገድሉታላችሁ። እንዲህ ያለ ሌላ አውሬ ደግሞ የላችሁም።»

«እንግዲህ?»

«እሷን ካልጣላችኋት እኔ አሳድገዋለሁ። ጎጆው ሥር እተኛለሁ፣ እስኪለምደኝ። ጉድጓዱ እስካለ ድረስ አልወጣም። እሷን ለመርማሪዋ ስጧት፤ እስር ቤት ትሂድ።»

«አይሆንም» አለች እህቱ ከውስጥ። «እኔን ጣሉኝ። እሱ ይውጣ።»

ባለከዘራው አንዱን አየ፣ ሌላይቱን አየ። አንዳቸው ለሌላው ሲሉ የሚያደርጉትን ከጨዋታው ባላነሰ ደስታ ተመለከተ። ከዚያ አውሬውን አየ፤ ትልቅ ነው፣ ሽንፈት አያውቅም።

«ልጁ ይቅር» አለ።

ሴትዮዋ ከጎጆው ስትወጣ ሰንበርን ሸሚዙን አስወለቁት። ላብ እስኪወጣው ግቢውን አስሮጡት፤ ከዚያ አዲስ ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰሩለት። መርማሪዋ መኪናዋን አስነስታ በሩ ላይ ጠበቀች። ሁለት ሰዎች ሴትዮዋን ይዘው መጡ። ሰንበር ከኋላቸው እስከ በሩ ድረስ እንዲሸኛት ተፈቀደለት።

እህቱ ዞራ እጆቿን ዘረጋች። ሰንበር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አትንኪኝ እታለም» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ የሌላ ሰው ሽታ ሊኖርብኝ አይገባም።»

እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ። መርማሪዋ ከውስጥ ሆና የመኪናውን በር ከፈተችላት።